ግብጦ ምንድን ነው?

ግብጦ ነጭና ጠፍጣፋ ፍሬ ያለው የጥራጥሬ ዓይነት ነው። በጎጃም እንደ ሜጫ፣ ሰከላና ዳንግላ ባሉ አካባቢዎች ገበሬው ሌላ ሰብል እምቢ ባለው፣ በደከመና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ይዘራዋል። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዙ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ ለቀጣዩ ሰብልም መሬቱን ያለመልማል። ስለሚመር ከብት ብዙም አይደፍረውም።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአረቄ ቤት ነው። ይህ ያስቆጫል፤ ግብጦ ከደረቅ ክብደቱ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው። ከሽምብራም ከምስርም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን በአብዛኛው ከሁለቱም ያንሳል። ሥጋና እንቁላል በዓመት በዓል ብቻ በሚገባበት ቤት፣ በረጅሙ ጾምም ወቅት፣ ቦታው ገበታ ላይ ነው። ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል፤ ጤፍና በቆሎ የሚያንሳቸው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በግብጦ ውስጥ በደንብ አለ።

ታዲያ በየቤቱ የማይሠራው በምሬቱ ምክንያት ነው። ምሬቱ የሚመጣው ሉፓኒንን ከመሰሉ፣ አልካሎይድ ከሚባሉ መራራ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ነው፤ እነዚህም መርዝነት አላቸው። ምሬቱ ያልወጣለትን ግብጦ አብዝቶ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ እይታው ይደበዝዛል፣ ያዞረዋል። እሳት ብቻውን ምሬቱን አያጠፋውም፤ ከፍሬው ውስጥ አጥቦ የሚያወጣው ውሃ ነው።

በገጠር ግብጦው ይታመስና ይቀቀላል፤ ከዚያ ጆንያ ውስጥ ተቋጥሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይከርማል። ወንዙ ንጹሕ ካልሆነ ግን ምሬቱን በበሽታ መለወጥ ስለሚሆን፣ ከወንዝ የወጣው ግብጦ ከመበላቱ በፊት እንደገና መፍላት አለበት።

በቤት ውስጥ አንድ ኪሎ ለማዘጋጀት በመጀመሪያ የጠቆረውና የተበሳው ይለቀማል። የተለቀመው በሦስት ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ውሃው ይደፋና በሌላ ሦስት ሊትር አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል፤ ይህም ውሃ ይደፋል። ቀጥሎ በሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ጠዋትና ማታ ውሃው እየተቀየረ አምስት ቀን ይቆያል። የመጨረሻው ዳኛ የቀን ቁጥር ሳይሆን ምላስ ነው። ከዕቃው ሥር ሦስት አራት ፍሬ አውጥቶ ነክሶ መትፋት፤ ምሬት ከተሰማ አንድ ሁለት ቀን መጨመር። ከላይ ያለው ቀድሞ ስለሚጣፍጥ የላዩን ብቻ ቀምሶ ማውጣት የብዙዎች ስሕተት ነው። ውሃው ሳይቀየር ከዋለ ደግሞ ይልጋል፣ ይሸታል። እንደ ገጠሩ ከታመሰ ደግሞ፣ ሲታመስ ያረረ ፍሬ ውሃ አይገባውም፣ እንደመረረ ይቀራል። የተደፋውን ውሃ ከብትና ዶሮ እንዳይጠጡት መጠንቀቅ ነው።

ሲደመር ለአንድ ኪሎ ሠላሳ ስድስት ሊትር ውሃ ይሄዳል፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ግብጦ ርካሽ ነው ሲባል ይህ አይቆጠርም። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት የከተማ ጠርዝ ዋጋው ወደላይ ይወጣል፤ በገጠር ደግሞ ዋጋውን በጀርባዋ የምትከፍለው ውሃ ቀጂዋ ናት። ለድሃ ቤተሰብ ግብጦን እናቅርብ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ውሃውን ያስብ። ጎረቤቶች ተሰብስበው በአንድ በርሜል ማዘጋጀታቸው ቢያንስ ማገዶውን ይቆጥባል።

ምሬቱ የወጣለት ግብጦ ልጣጩ ተገፎ በጨውና በቃሪያ እንዲሁ ይበላል። ለሽሮ ከሆነ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ፣ ለዘብ ባለ እሳት ታምሶ ይፈጫል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው አንድ እጅ ግብጦ ከሦስት እጅ አተር ወይም ባቄላ ጋር ቢያስፈጭ ጣዕሙ አይከብደውም። ኦቾሎኒ አለርጂ የሆነበት ሰው ግብጦም ሊያስነሣበት ስለሚችል ይተወው። ለሕፃናት የሚሰጠው ምሬቱ ፈጽሞ መውጣቱ በአዋቂ ተቀምሶ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያውም ተፈጭቶ ከገንፎ ጋር ነው፤ ሙሉ ፍሬው ጉሮሮ ላይ ይቀራል።