«ፈቃድ ያለው» የኢሚግሬሽን አማካሪ ሲባል

ካናዳ ውስጥ ማንም ሰው ተነስቶ በክፍያ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን መያዝ አይችልም። ሕጉ የሚፈቅደው በዋናነት ለጠበቆች፣ ለኩቤክ ኖታሪዎች (በኩቤክ ክፍለ ሀገር ያሉ የሕግ ባለሙያዎች) እና «ኮሌጁ» ፈቃድ ለሰጣቸው አማካሪዎች ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው፤ ኮሌጅ ሲባል ትምህርት ቤት ይመስለዋል። አይደለም። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ አማካሪዎችን የሚቆጣጠር፣ አቤቱታ የሚቀበል፣ ሲያጠፉም የሚቀጣ አካል ነው።

አማካሪው ፈቃድ ስላገኘ ብቻ ነገሩ አያልቅም። በየጊዜው የሙያ ሥልጠና መውሰድና በሥነ ምግባር ደንቡ መመራት አለበት። ደንቡ ውጤት አስቀድሞ ዋስትና መስጠትን ይከለክላል፣ ስለዚህ «ቪዛው መቶ በመቶ ይወጣልሃል» የሚላችሁ ሰው፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ ደንቡን እየጣሰ ነው። ሥራ ሲጀምር ደግሞ የጽሑፍ ውል ሊሰጣችሁ ይገባል። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያስከፍል በግልጽ ይጻፍበት።

ካጠፋስ? እንደ ጥፋቱ ቅጣት ይከፍላል፣ ፈቃዱ ይታገዳል ወይም ጭራሽ ይሰረዛል። መታገድና መሰረዝ አንድ አይደሉም፤ የታገደው ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፣ ግን በእገዳው ጊዜ የእናንተን ፋይል መንካት አይችልም።

አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን በኮሌጁ የሕዝብ መዝገብ ላይ ፈልጉ፣ እባካችሁ። ነፃ ነው።

ቅጽ በመሙላት በነፃ የሚረዳችሁ ዘመድ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም።