«ፈርኒቸርስ» እና ሌሎች የሰፈራችን ኤሶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ በሰው ሲሞላ፣ የቤት ዕቃ መሸጫውም እንደ አሸን ፈላ። አንዱ ሱቅ በር ላይ፣ ሰማያዊ ታፔላ ላይ በእንግሊዝኛ «ፈርኒቸርስ» ተብሎ ተጽፏል። ቦታ ስላልበቃት ኤሷ ጥግ ላይ ተጨምቃለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ኤስ እኮ ትርፍ ናት» አልኳቸው።

«ታዲያ አንድ ወንበር ብቻ ነው እንዴ የምሸጠው ልጄ?»

አይፈረድባቸውም። እኛም እንግሊዝኛ ስንጽፍ እንዲህ ባሉ የተሳሳቱ «ሕጎች» ነው የምንመራው፤ እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዕቃው ከበዛ ኤስ ይጨመራል»
እንግሊዝኛ ፈርኒቸርን እንደ ዱቄት ነው የሚያየው፤ ቢበዛም አይቆጠርም። አንዱን ሶፋ ለይቶ ለመጥራት «ኤ ፒስ ኦፍ ፈርኒቸር» ይባላል። ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስና ኢኩዊፕመንትም እንደዚያው ናቸው። ሲቪያችሁ ላይ «ኢንፎርሜሽንስ» ካለ ዛሬውኑ አጥፉት።

«ቁጥር ካለ ኤስ አያስፈልግም»
ይሄ ከአማርኛችን የመጣ ነው። የታክሲ ረዳቱ «ሁለት ሰው!» ብሎ ይጮኻል፤ እኛም «አምስት እንቁላል» ብለን እንገዛለን። ቁጥሩ ከተናገረ ስሙ አርፎ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ግን አያርፍም፦ «ፋይቭ ኤግስ»።

«በኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ ከጀመረ አን ነው»
የማስጠናቸው ልጆች ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃሉ። «አን ዩኒቨርሲቲ» ብለው ይጽፋሉ፣ «ኤ አወር» ይላሉ። ሕጉ የድምፅ እንጂ የፊደል አይደለም። እኔ የማሳያቸው ዘዴ ቀላል ነው፦ ቃሉን በፊደላችን ጻፉት። «አወር» በአ ቤት ይጀምራል፤ ኤች ብትጻፍም አትነበብም። ስለዚህ አን አወር። «ዩኒቨርሲቲ» የሚጀምረው በየ ቤት ነው፤ ስለዚህ ኤ ዩኒቨርሲቲ። «አምብሬላ»? አን። «ኤምኤ» ዲግሪ? ኤም ብትጻፍም የምትሰማው ኤ ናት፤ አን ኤምኤ። ፈረንጅ ልጅ ይህን የመሰለ መፈተሻ የለውም፤ በዚህስ እኛ እንቀድማለን።

«ፒፕልስ የሚባል ቃል የለም»
አለ። ብዙ ሰው ለማለት ፒፕል ይበቃል። ሕዝቦች ለማለት ሲሆን ግን ፒፕልስ ትክክል ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት የእንግሊዝኛ ቅጂ ግለጡ፤ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» በሚለው ላይ ታገኙታላችሁ።

«አይ አም ቲቸር»
«አስተማሪ ነኝ» ለኛ ሙሉ ነው። ለእነሱ ኤ ይጎድለዋል፦ «አይ አም ኤ ቲቸር»።

«የቦታ ስም ዘ አይወስድም»
ከተማና አገር አብዛኛውን ጊዜ አይወስዱም። ወንዝ ግን ይወስዳል፤ የኛው አቃቂ «ዘ አቃቂ ሪቨር» ነው። ጣና ሐይቅ ደግሞ ያለ ዘ፣ «ሌክ ጣና»። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ይቺን በቃል ያዟት።