በሮም «ምላስ ያለው ሥልጣን ይይዛል» ይባል ነበር እንዴ?

ስለ ጥንቷ ሮም ፖለቲካ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናየው አንድ ምስል ነው። ቶጋ የተባለውን ረጅም ልብስ የለበሰ ሰውዬ መድረክ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይናገራል፣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይሰማል፣ ከዚያ ሄዶ ይመርጠዋል። ፊልም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ንግግር በሮም ትልቅ ቦታ እንደነበረው አልክድም። ሰውን ከፍ የሚያደርገው ግን በዚህ መንገድ አልነበረም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (የዘመነ ክርስቶስ ካላልኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

«እጩዎች መድረክ ላይ ወጥተው ምረጡኝ ይሉ ነበር»

አይሉም። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የምርጫ ቅስቀሳ ንግግር እዚያ የተለመደ አልነበረም። «ማንም ዜጋ ተነስቶ መናገር ይችል ነበር» የሚባለውም አብሮ ይውደቅ። ፎረም በሚባለው አደባባይ ሕዝብ ጠርቶ ማናገር የሚችለው ሥልጣን ላይ ያለ ሹም ነው። ሌላው ሰው ሮስትራ በተባለው መድረክ ላይ የሚወጣው ሹሙ ሲፈቅድለት ብቻ ነበር።

ታዲያ እጩው ምን ሲሠራ ይውላል? ቶጋውን በጠመኔ አንጽቶ፣ ከሩቅ እንዲያበራ አድርጎ፣ ፎረም ውስጥ ሲዞር ይውላል። እጅ ይጨብጣል። ከጎኑ አንድ ባሪያ ይከተለዋል፤ የባሪያው ሥራ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ በጆሮው ሹክ ማለት ነው፤ እጩውም ሰውየውን የዕድሜ ልክ ወዳጁ ይመስል በስሙ ይጠራዋል። ከኋላ የሚያጅበው ሰው ሲበዛ ግርማው ይጨምራል። ገንዘብም ይበተን ነበር። በጣም ከመብዛቱ የተነሳ በ63 ቆንስል፣ ማለትም የሮም ከፍተኛ ሹም የነበረው ታዋቂው ተናጋሪ ሲሴሮ ድምፅ በጉቦ የሚገዛ 10 ዓመት ይሰደድ የሚል ሕግ አውጥቷል።

«አፈ ጮሌ ከሆንክ በቃ፣ ላይ ትወጣለህ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ደረጃዎቹ በሕግ የታሰሩ ነበሩ። አምባገነኑ ሱላ ካደረገው ማሻሻያ በኋላ ክዌስተር (የገንዘብ ሹም) ለመሆን 30 ዓመት፣ ፕሪተር (የፍርድ ሹም) ለመሆን 39፣ የመጨረሻውን ቆንስልነት ለመያዝ 42 መሙላት ነበረበት። ክዌስተሮች በዓመት 20 ነበሩ፣ ፕሪተሮች 8፣ ቆንስሎች ደግሞ 2 ብቻ። ፉክክሩን አስቡት። ቆንስል የሚመርጠው ጉባኤ ደግሞ በ193 ቡድን የተከፈለ ሲሆን ቀድሞ የሚመርጠው ሀብታሙ ነው። ብልጫው ከተገኘ ምርጫው እዚያው ያበቃል። ድሃው ተራው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። እሱን በንግግር ብታስለቅሰው ለቆንስልነት ብዙም አይጠቅምህም።

የጦር ሜዳም ሌላ መንገድ ነበር። ማሪየስ ከአርፒኑም የመጣ፣ ቆንስል የሆነ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ 7 ጊዜ ቆንስል የሆነው በጦር እንጂ በምላስ አይደለም።

ሲሴሮ የዚያችው የአርፒኑም ልጅ ነው። እሱ በእርግጥ በንግግር ወጣ፤ ግን እንዴት? በፍርድ ቤት። በሮም ችሎት የሚካሄደው በአደባባይ፣ ሕዝብ ከቦ እያየ ነው። ለአንድ ሰው ጥብቅና ስትቆም ሰውየው፣ ዘመዶቹ፣ አንዳንዴም ከተማው በሙሉ ውለታ ይገባብሃል። ምርጫ ሲደርስ ያ ውለታ ሰው ሆኖ ከኋላህ ይሰለፋል።

የሚገርመው፣ በሕዝብ ፊት መታየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ሲሴሮ ራሱም የተማረው ተዋርዶ ነው። በ75 በሲሲሊ ክዌስተር ነበር። በእህል እጥረት ጊዜ ብዙ እህል ወደ ሮም ልኮ «መቼም ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነው» እያለ ተመለሰ። በመንገዱ ፑቴዮሊ ደረሰ፤ ባለጸጎች ለፍልውሃ የሚጎርፉባት የባሕር ዳርቻ ናት። አንዱ አገኘውና «ከሮም መቼ ወጣህ? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለው። «ኧረ ከተሾምኩበት አገር እየተመለስኩ ነው» ሲል፣ «አዎ አዎ፣ ከአፍሪካ መሰለኝ» አለው። ሲሴሮ በገነ። «ከሲሲሊ!» ይህን ጊዜ ሌላው ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጣልቃ ገብቶ «እንዴ፣ ሲራኩዝ ክዌስተር እንደነበር አታውቅም?» አለ። ሲሴሮ የነበረው ሲራኩዝ ሳይሆን በደሴቲቱ ሌላኛው ጫፍ ሊሊቤየም ነበር! ተስፋ ቆርጦ ለፍልውሃ እንደመጣ እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ ተቀላቀላቸው። ይህን ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ችሎት ፊት ራሱ ነው የተናገረው። የሮም ሕዝብ ጆሮው ደንቆሮ፣ ዓይኑ ግን ስል መሆኑን ያኔ ስለተረዳ፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰው ዓይን ላለመጥፋት ቆረጠ። በ63 ሕጉ በሚፈቅደው ዝቅተኛ ዕድሜ ቆንስል ሆነ።

«ክስ የተሸነፈ ወጣት አለቀለት»

ቄሳርን ጠይቁት። በ77 ገና ወጣት ሳለ ዶላቤላ የተባለ የቀድሞ ቆንስል ከሰሰና ተረታ። ስሙ ግን ገነነ። ወጣቶች ትልቅ ሰው ከሰው ወደ ፖለቲካ መግባታቸው የተለመደ ነበር፤ ዋናው መታየቱ ነው።

«ጠበቆቹ በገንዘብ ነበር የሚበለጽጉት» የሚልም አለ። ከ204 ጀምሮ ክፍያና ስጦታ መቀበል በሕግ ተከልክሏል። ሕጉን ማን አከበረው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዞሮ ዞሮ በዘመነ ክርስቶስ በ47 ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ ክፍያውን ፈቅዶ ጣሪያውን 10,000 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) አደረገው።

«ዛሬ የምናነባቸው ንግግሮች ያኔ እንደተነገሩት ናቸው»

በ70 ሲሴሮ የሲሲሊ ገዢ የነበረውን ቬሬስን በዘረፋ ከሰሰ። እንዲከስላቸው የለመኑት ሲሲሊያውያኑ ናቸው፤ ያ ማንም ያላስታወሰው የክዌስተርነት ጊዜ እዚህ ጠቀመ። የቬሬስ ወገኖች ነገሩን ወደሚቀጥለው ዓመት ለመግፋት ነበር የፈለጉት። ስለዚህ ሲሴሮ ረጅሙን ንግግር ትቶ አጭር ነገር ተናገረና ቀጥታ ወደ ምስክሮቹ ገባ። ቬሬስ ነገሩ እንዳከተመ ገብቶት ወደ ማሲሊያ፣ ወደ ዛሬዋ ማርሴይ ሄደ። ያ የሚደነቀው ባለ 5 መጽሐፍ ክስ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የወጣ ነው፤ ችሎት ፊት አልተነበበም።

በ52 የሆነው ደግሞ ይብሳል። ሚሎ የተባለ ፖለቲከኛ በነፍስ ግድያ ተከሶ ሲሴሮ ሊከላከልለት ቆመ። ፎረሙ በጦር መሪው በፖምፔይ ወታደሮች ተከቧል፣ የሟቹ ደጋፊዎች ይጮሃሉ። ሲሴሮ ተረበሸ፤ የሚገባውን ያህል መናገር አቃተው። ሚሎም ተፈርዶበት ማሲሊያ ተሰደደ። በኋላ ሲሴሮ አሳምሮ የጻፈውን ንግግር ቢልክለት፣ «እንኳንም ያኔ እንዲህ አልተናገርክ፤ ይህን የማሲሊያን ዓሣ መቼ እበላ ነበር» አለ ይባላል።

«ንግግር ማለት ቃል ነው»

ጋዩስ ግራኩስ የተባለው ፖለቲከኛ ሲናገር ከኋላው ዋሽንት መሰል ነገር የያዘ ባሪያ ይቆም ነበር፤ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ለስለስ ያለ ቃና ይነፋለታል፣ እሱም ይበርዳል። የሲሴሮ ተፎካካሪ ሆርቴንሲየስ ደግሞ መስታወት ፊት ቆሞ የቶጋውን እጥፋት አንድ በአንድ ያስተካክል ነበር። በጠባብ መተላለፊያ ገጭቶ እጥፋቱን ያበላሸበትን ባልደረባውን ከሰሰው የሚባል ታሪክም አለ። ሲሴሮ ራሱ በወጣትነቱ ቀጫጫ ነበር፤ እየጮኸ ሲናገር ጤናው ስለተጎዳ ሮድስ ደሴት ድረስ ሄዶ ከንግግር መምህሩ ከሞሎን አነጋገሩን አስተካክሎ መጣ።

«ሴቶች በአደባባይ ተናግረው አያውቁም»

መምረጥም መመረጥም አይችሉም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን በ42 ሦስቱ ገዢዎች ለጦርነት ብለው 1,400 ሀብታም ሴቶች ላይ ግብር ሲጥሉ፣ የሆርቴንሲየስ ልጅ ሆርቴንሲያ ፎረም ድረስ ሄዳ ሞገተቻቸው። ሹመት፣ ክብርና የጦር አዛዥነት የማይደርሰን ሰዎች ስለምን እንከፍላለን ነው ነገሯ። ገዢዎቹ ከአደባባዩ አስወጧቸው ቢሉም ሕዝቡ ጮኸ። በማግስቱ የሴቶቹ ቁጥር ወደ 400 ወረደ። ሹመት ፈላጊ ስላልነበረች ንግግሯ ለምንም ደረጃ አላበቃትም፤ ውጤቱ ግን ብዙ ቆንስሎች ካገኙት ይበልጣል።

«ነገሥታቱ ሲመጡ ንግግር አከተመ»

ነፃነቱ ቀነሰ እንጂ ንግግሩስ በዛ። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ለንግግር መምህራን ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ቆርጧል። በዘመነ ክርስቶስ በ100 ደግሞ ጸሐፊው ፕሊኒ ቆንስል ሲሆን የሾመውን ንጉሠ ነገሥት ትራጃንን በሴኔት አመሰገነ። ምስጋናው አልበቃው ብሎ ጽሑፉን አስረዘመና ለወዳጆቹ ሁለት ቀን አነበበላቸው፤ እነሱም አንድ ቀን ጨምርልን ብለው ለመኑት። ለመኑኝ ያለው ራሱ ፕሊኒ ነው፤ ወዳጆቹ ምን እንዳሉ የጻፈ ሌላ ሰው የለም።