ሺረር ሳይወለድም ጎል ይገባ ነበር

«በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ብዙ ጎል ያገባው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ኳስ የሚታይበት ቤት ሁሉ በአንድ አፍ «ሺረር፣ 260!» ይላል። 260 አጥቂው አለን ሺረር በፕሪሚየር ሊግ ያገባው ቁጥር ነው፤ ፕሪሚየር ሊግ፣ የዛሬው የላይኛው ዲቪዚዮን፣ የተጀመረው በ1992 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊጉ ግን ከ1888 ጀምሮ አለ። የላይኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከተቆጠረ ቀዳሚው ጂሚ ግሪቭስ ነው፣ 357። ሁሉም ዲቪዚዮን ከተቆጠረ ደግሞ አርተር ሮውሊ፦ በ619 ጨዋታ 434 ጎል።

«ሮውሊ፣ የማንችስተር ዩናይትዱ?» አይደለም። ያ ታላቅ ወንድሙ ጃክ ነው፤ ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈውም እሱ ነው። አርተር አንድም ጊዜ አልተሰለፈም።

«ኳሱ ያኔ ድንጋይ ነበር።» ከ1937 ጀምሮ ጨዋታ ሲጀመር የኳስ ክብደት ከ14 እስከ 16 አውንስ ነው፤ ከ410 እስከ 450 ግራም ገደማ፣ ልክ እንደ ዛሬው። ቆዳው ዝናብ ሲያገኘው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጭቃም ይይዛል። የጥር ኳስ ከባድ ነው ቢባል ያስማማል፤ የነሐሴው ግን ያው የእኛው ኳስ ነው።

አሁን ትዕግስት ወደሚያስጨርሰው እንምጣ፦ «የታችኛው ዲቪዚዮን ጎል ጎል ነው እንዴ? ጎበዝ ቢሆን ትልቅ ክለብ አይወስደውም ነበር?»

ይህን የሚል ሰው የዛሬውን የዝውውር ገበያ ይዞ 1950ዎቹ ውስጥ የገባ ነው። እስከ ጥር 1961 ድረስ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው፤ በ1958 በሳምንት 20 ፓውንድ። ጣሪያው ለሊጉ ሻምፒዮንም ለአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብም አንድ ነው። ውሉ ደግሞ የአንድ ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ግን ተጫዋቹ ነፃ አይወጣም። ክለቡ «አቆየዋለሁ» ብሎ ስሙን ዝርዝር ውስጥ ካስገባ፣ ሌላ የሊግ ክለብ ሊያስፈርመው አይችልም። ይህን አሠራር ፍርድ ቤት የነቀፈው በ1963፣ በተጫዋቹ ጆርጅ ኢስትሃም ክስ ነው። ስለዚህ አንድ አጥቂ የት እንደተጫወተ ማወቅ የምዝገባ ወረቀቱ በማን እጅ እንደነበረ ይነግራል፤ ስለ ችሎታው ብዙም አይናገርም።

ሮውሊ በሌስተር ሲቲ 303 ጨዋታ ተጫውቶ 251 አገባ። በ1956-57 ብቻ 44 አግብቶ ክለቡ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ። «ከፍ ሲል ይጠፋል» ለሚል፦ በላይኛው ዲቪዚዮን በ1954-55 23፣ በ1957-58 20 አግብቷል። ይህ መጥፋት ከሆነ ብዙ አጥቂ እንዲህ ቢጠፋ ይወዳል።

በ1958 በ32 ዓመቱ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ሽሩስበሪ ታውን ገባ። በዚያው ክረምት የሰሜንና የደቡብ ተብሎ የተከፈለው ሦስተኛ ዲቪዚዮን ፈርሶ ሦስተኛና አራተኛ ሆነ፤ ሽሩስበሪም አራተኛ ላይ ተመደበ። በመጀመሪያው ዓመት 38 አገባና ቡድኑን ይዞ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወጣ። በ1961 እስከዚያ የሊጉ የጎል ክብረ ወሰን የነበረውን የአጥቂው ዲክሲ ዲንን 379 አለፈ፤ በ1965 ሲያቆም ለሽሩስበሪ ብቻ 152 ነበረው። ተቀያሪ የተፈቀደው እሱ ካቆመ በኋላ፣ በ1965-66 ነው፤ በእሱ ዘመን የተጎዳ ተጫዋች ወይ እያነከሰ ክንፍ ላይ ይቆማል ወይ ቡድኑን በ10 ሰው ትቶ ይወጣል።

መከራከር የሚፈልግ በአማካይ ይከራከር። ዲን 379ኙን ያገባው በ437 ጨዋታ ነው፤ እዚያ ላይ ሮውሊን በግልጽ ይበልጠዋል። ከ434ቱ በላይኛው ዲቪዚዮን የገቡትም 51 ብቻ ናቸው።

ቁጥር ከመጥቀስ በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። የሊግ ብቻ ነው ወይስ ዋንጫም ተደምሯል? 434 የሊግ ብቻ ነው። የጦርነቱ ዘመን ገብቷል? ከ1939 እስከ 1946 የተካሄዱ የሊግ ጨዋታዎች አይቆጠሩም፤ የ1939-40 ሦስት ዙሮች እንኳ ተሰርዘዋል። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው? ሺረር ራሱ ከ1992 በፊት ለሳውዝሃምፕተን ያገባቸው 23 የሊግ ጎሎች 260ው ውስጥ የሉም፤ ሲደመሩ 283 ነው።