ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል

በምኖርበት የጀርመን ከተማ የሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ አለ። ግድግዳው ላይ የተራ ወረቀት ይለጠፋል። ሰሞኑን አንድ ጎረቤት የወሩን ቅዳሜዎች በሙሉ በስሙ ሞላና ከሥር «ቬር ትሱኧርስት ኮምት፣ ማልት ትሱኧርስት» ብሎ ጻፈ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል ማለት ነው። «ሃ» የምትባለዋን ፊደል ስለገደፋት ግን «ቀድሞ ሥዕል ይስላል» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብዙ ሰው እንዲሁ ይጽፈዋል። ፊደሏስ ይሁን፣ ያናደዱኝ ቅዳሜዎቹ ናቸው።

አባባሉ የወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤትን ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጤፉን አበጥራ፣ ኬሻውን አሸክማ በጠዋት ትልከኝ ነበር። ኬሻው ወረፋ ይይዛል፣ እኔ ከጎኑ ቁጭ እላለሁ። ተራዬ ሲቃረብ የባለወፍጮው ዘመድ ከተፍ ይላል። እናቴ «ከእህልህ እንዳትርቅ» የምትለኝ ለዚህ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነገሩ ከዚህም የጠና ነበር። በብዙ ቦታ ገበሬው በጌታው ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ይገደዳል፤ ለዚያም ከእህሉ ይሰፈርበታል። እንግሊዝ ውስጥ የሴንት ኦልባንስ ገዳም አበምኔት፣ ሪቻርድ ኦፍ ዎሊንግፎርድ፣ የሰዉን የእጅ ወፍጮ ወርሶ ድንጋዩን የገዳሙ ወለል ላይ አስነጠፈው። እ.ኤ.አ. በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ዓመፅ ሲነሣ ዓመፀኞቹ ወለሉን ነቀሉት። ድንጋዩንም ሰባብረው እንደ ጸበል ጸዲቅ ተካፈሉት። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የዚያ ዘመን ወፍጮ በአብዛኛው በውሃ የሚዞር ነበር። በጋ ላይ ወንዙ ሲቀንስ ኩሬው እስኪሞላ ይጠበቃል። ተራውን የተነጠቀ ሰው ያለ ዳቦ ሊያድር ይችላል። የጌታው እህል ደግሞ በብዙ ቦታ ወረፋ አያውቅም።

ጀርመን ውስጥ አይኬ ፎን ሬፕጎ የተባለ ሳክሶናዊ እ.ኤ.አ. በ1220ዎቹና በ1230ዎቹ መካከል የአገሩን ልማዳዊ ሕግ «የሳክሶኖች መስታወት» በሚል መጽሐፍ ሰበሰበ። ሕጉን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ከአባቶች የወረደ ነው ይላል። የመንገድ ደንቡን እወደዋለሁ። ባዶ ጋሪ ለተጫነው ይልቀቅ፣ ፈረሰኛ ለጋሪ፣ እግረኛ ለፈረሰኛ። ድልድይ ላይ ግን ቀድሞ የደረሰው ጋሪ፣ ባዶም ይሁን የተጫነ፣ ቀድሞ ይለፍ። ወዲያው ቀጥሎ ይኸው የኛ አባባል፦ ወፍጮ ቤት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጭ።

ድልድይና ወፍጮ ምን አገናኛቸው? እኔ እንደሚመስለኝ አባባሉ የተወለደው ከወፍጮው ደጃፍ ካለች ጠባብ ድልድይ ላይ ነው። ወፍጮው ወንዝ ዳር ነው፤ ጋሪዎቹ ድልድዩን የተሻገሩበት ተራ ያው የማስፈጫው ተራ ነው። ሁለቱ ደንቦች መጀመሪያ አንድ ወረፋ ነበሩ። ማስረጃዬ የአንቀጹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት ደጃፍ የዋለ ሰው ግን ይገባዋል።

ሕጉ «የመጣ» ነው የሚለው። እህሉን ጭኖ፣ ደጃፉ ላይ የቆመ። አስፈጭቶም ለሚቀጥለው ይለቃል። ገና ያልቆሸሸ ልብስ ይዞ ለአራት ቅዳሜ ወረፋ መያዝ ከየት መጣ?

እስክሪብቶ አውጥቼ የጎደለችውን ፊደል ጨመርኩለት። ከጎኑም «ቅርጫትህን ይዘህ ስትመጣ» ብዬ ጻፍኩ።