ኢንተርኩለር ምንድን ነው?

ከጅማ ቡና ጭኖ የሚነሳ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ያለው የጭነት መኪና ፊቱ ቢከፈት ብዙ ጊዜ ራዲያተር የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ተደራርበው ይታያሉ። አንደኛው ውኃ የሚዞርበት ራዲያተር ነው። ሌላኛው ኢንተርኩለር ነው፤ ውስጡ ጠብታ ውኃ የለም፣ የሚያልፍበት አየር ብቻ ነው። «ሞተር ያቀዘቅዛል» ወይም «ቱርቦውን ያቀዘቅዛል» ሲባል ይሰማል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሚያቀዘቅዘው ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ነው። አንዳንድ ፒካፖች የሞተር ክዳን ላይ ያለው አፍም ለጌጥ ወይም ሞተር ለማናፈስ አይደለም፤ ከሥሩ ላለው ኢንተርኩለር ንፋስ ያስገባል።

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ቱርቦ ግፊቱን እጥፍ ሲያደርገው የአየሩ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የጋለ አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ በዚያው ቦታ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ኢንተርኩለሩ ሙቀቱን አውርዶ አየሩን መልሶ ጥቅጥቅ ያደርገዋል።

ቱርቦ የሚዞረው በሚወጣው ጭስ ኃይል ነው፤ ሱፐርቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ በቺንጋ (በቀበቶ) ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ሥራቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ አይደሉም።

«ቱርቦ የሚሠራው በፍጥነት ሲነዳ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው። ወሳኙ ጭነት ነው። ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ መኪና ቱርቦው በደንብ እየሠራ ነው፤ ቁልቁለቱን በፍጥነት ሲወርድ ግን እግር ከነዳጅ ስለተነሳ ብዙም አይገፋም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ጉድለት በቀጥታ ይሸከመዋል።

አሁን ገንዘብ ወደሚያስወጣው ስሕተት እንምጣ። መኪናው ዳገት ላይ ደከመ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ወዲያው «ቱርቦው ሞቷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ (የታመቀው አየር የሚሄድበት የጎማ ቧንቧ) ወይም የላላ ማሰሪያ ነው። የታመቀው አየር በመንገድ ያመልጣል፤ ናፍጣው የሚያቃጥለው አየር አጥቶ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ማኒኮቶዎቹን በእጅ አጣምመው ይዩ፣ በተለይ ከታች በኩል፤ ስንጥቁ ሲጣመም ነው አፉን የሚከፍተው። ካልተገኘ የቱርቦውን መግቢያ ደፍነው ከኮምፕሬሰር ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ይስጡና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ይቀቡ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ነው ጥፋቱ። የኢንተርኩለሩን ክንፎች የደፈነ ጭቃም በዝግታ በሚፈስ ውኃ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይታጠባል፤ ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ክንፎቹን ያጣምማል።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ቱርቦውን ከመፍረድ በፊት ዘንጉን ይንኩት፦ ወደ ጎን ጥቂት መወዝወዙ ጤናማ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተቱ በእጅ ከታወቀ ግን አልቋል። በኢንተርኩለሩ ውስጥ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ አያስደነግጥም። ዘይት ተጠራቅሞ ከተገኘ ግን ሳያጸዱ ሞተር አያስነሱ፤ ናፍጣ ሞተር ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊሮጥ ይችላል።

አዲስ ቱርቦ ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ሲቃጠል ዕቃው ይወቀሳል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቧንቧ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው፤ ረጅም ዳገት ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ያንን ዘይት እዚያው አክስሎ ቧንቧውን ያጠብበዋል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይቆይ። ቱርቦ ሲቀየር የዘይት ቧንቧው ይጸዳ ወይም ይቀየር፣ መጋጠሚያው ላይ ሲሊኮን አይቀባ፤ ፍርፋሪው ቀዳዳውን ይዘጋል። ከመታሰሩ በፊትም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይፍሰስበትና ዘንጉ በእጅ ይዙር።