ተናባቢነት ምንድን ነው? «አንድ ሲስተም» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አደጋ ጊዜ አገልግሎትና ስለ ዲጂታል ስትራቴጂ አንድ ውይይት ተከታትዬ ነበር። አንዱ ተናጋሪ ማይኩን ተቀበሉና፣ «ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ተናባቢ እንዲሆኑ ከተፈለገ ሁሉንም አንድ ሲስተም ውስጥ ማስገባት ነው። አለቀ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔን ያንገበገበችኝ «አለቀ» የምትለዋ ቃል ናት። ለዓመታት ስምሪት ክፍል ተቀምጬ ጥሪ ተቀብያለሁ። አሁን የምሠራው ደግሞ እነዚህን ሲስተሞች ማገናኘት ነው። «ተናባቢ» የሚለውን ቃል በየስትራቴጂ ሰነዱና በየጨረታ ማስታወቂያው አገኘዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሊባል የተፈለገው «አንድ ቦታ የተጠራቀመ» ነው። ያ ሌላ ነገር ነው። አምቡላንስ የት እንደሚሄድ የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ግዕዝ የቀመሰ ሰው «ተናባቢ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሰዋስው ነው። «ቤት» አለ፣ «መንግሥት» አለ። ሲናበቡ «ቤተ መንግሥት» ይሆናሉ። ልብ በሉ፣ «መንግሥት» ምንም አልተነካም። «ቤት»ም የቀየረው የመጨረሻ ፊደሉን ብቻ ነው፤ «ት» «ተ» ሆነች። ሁለቱ አሁንም ሁለት ቃል ናቸው፤ ለየብቻ መቆምም ይችላሉ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን አንድ ነገር ይናገራሉ። «ቤት መንግሥት» ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማናበብ አይደለም። ቦታ አቀያይሮ «መንግሥተ ቤት» ማለትም ሌላ ትርጉም ነው። ማን ለማን እንደሚሰጥ፣ ማን ከማን እንደሚቀበል የታወቀ ነው።

የምንፈልገው ተናባቢነት ይህ ነው። የፖሊስ መዝገብ የፖሊስ ሆኖ ይቀራል። የአምቡላንሱም የአምቡላንስ። የሚቀየረው ጫፉ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት የመጨረሻው ፊደል። ቦታው የት ነው? ምን ተፈጠረ? ስንት ሰዓት ላይ? እዚያ ለሚደርስ ሰው ምን አደጋ አለ? እነዚህን አንዱ ሲጽፍ ሌላው በዚያው ትርጉም ካነበበ ተናብበዋል። ካላነበበ፣ ሁለቱም አንድ ሰርቨር ላይ ቢቀመጡ እንኳ አልተናበቡም።

ተናጋሪው «አንድ ሲስተም ቢኖር ኖሮ» እያሉ እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ላይ የደረሰውን አደጋ ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ የዚያን ቀን የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ሆነው ሁለተኛው ሕንፃም ሊወድቅ እንደሚችል ሲያስጠነቅቁ፣ ውስጥ የነበሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ ያንን አይሰማም ነበር። 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ሬዲዮው መለያየቱ ያመጣውን ጉዳት አልክድም። ግን ምሳሌው እዚያ ላይ ካቆመ ያሳስታል። እኔ ማንችስተርን እጨምርበታለሁ።

ግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቀኑ 22። በማንችስተር አሬና የሙዚቃ ዝግጅት አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ፣ ማታ 4:31 ላይ ቦምብ ፈነዳ። 22 ሰው ሞተ። የብሪታንያ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ያን ጊዜ ሦስቱም የሚጠቀሙት ኤርዌቭ የሚባለውን አንድ የሬዲዮ ኔትወርክ ነበር። የቁጥጥር ክፍሎቹ በጋራ የሚነጋገሩበት ቻናልም ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ የአደጋ ጥሪ ቁጥር፣ 999፣ ከ1937 ጀምሮ አላቸው። ሦስቱ አብረው እንዲሠሩ የሚያዝዝ የጋራ መርሕም ከተጻፈ ዓመታት አልፈውት ነበር። ተናጋሪው የጠየቁት ሁሉ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው የእሳት አደጋ መኪና አሬናው የደረሰው ከሁለት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው። ግማሽ ማይል ብቻ ርቆ የሚገኝ ጣቢያ ነበር፤ እዚያ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ፍንዳታውን በጆሯቸው ሰምተዋል። ከዚያ ተነሥተው እንዲሰባሰቡ የታዘዙት ግን ከቦታው ወደሚርቅ ሌላ ጣቢያ ነው። ለምን? የእሳት አደጋው ኃላፊ፣ ታጣቂ እየተኮሰ ይሆናል ብሎ ሰጋ። የፖሊሱን ተረኛ ኃላፊ ለማግኘት ሞከረ፤ ስልኩ አልገኝ አለው። ፖሊሱ ደግሞ ለታጣቂ ጥቃት የተዘጋጀውን ዕቅድ ሥራ ላይ ማዋሉን ለሌሎቹ አልነገረም። የጋራው ቻናል ዝም አለ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን መሰብሰቢያ ቦታ ያዘ። ፍንዳታው የደረሰበት አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሌሊት የገቡት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። በ2022 የወጣው የሕዝብ ምርመራ ሪፖርት፣ ከሟቾቹ አንዱ ርዳታው ቢደርስለት ኖሮ ሳይተርፍ እንደማይቀር ደምድሟል።

ሬዲዮ ነበር። ኔትወርክ ነበር። መርሕ ነበር። የጠፋው ቃሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው መድረሱ ነው።

አሜሪካኖች ተናባቢነትን የሚመዝኑበት አንድ ሰንጠረዥ አላቸው፤ በአምስት መስመር የተከፈለ ነው። አስተዳደር፣ የአሠራር ደንብ፣ ቴክኖሎጂ፣ ሥልጠናና ልምምድ፣ እና በአዘቦት ቀን መጠቀም። ቴክኖሎጂ ከአምስቱ አንዷ ናት። ጨረታ የሚወጣው ግን ለእሷ ብቻ ነው፤ ግዢ ስለሆነች ትታያለች፣ ሪባን ይቆረጥላታል። አምስተኛዋ መስመር ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። በአዘቦት ቀን፣ ለትንሽ የመኪና ግጭት ያልተጠቀምንበትን ቻናል በእልቂት ሌሊት ማንም አያስታውሰውም።

የኒው ዮርክን ነገር ካነሣን፣ የፖሊሶችን የቁጥር ኮድም ላንሣ። ለኒው ዮርክ ፖሊስ «አሥር አሥራ ሦስት» ማለት ባልደረባችን አደጋ ላይ ነው፣ ድረሱ ማለት ነው። በሌሎች ዘንድ በተለመደው ዝርዝር ግን ይኸው ቁጥር የአየሩንና የመንገዱን ሁኔታ ንገሩኝ ማለት ነው። ሬዲዮው ያለ እንከን ቢገናኝስ? ቃሉ ይደርሳል፤ ትርጉሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው የፌዴራል መንግሥታቸው ከ2006 ጀምሮ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት በሚሳተፍበት አደጋ ላይ ኮዱን ትታችሁ በተራ ቋንቋ ተነጋገሩ ያለው።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር የራሱ መልክ አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከውጭ የተገዛ ሲስተም የማያውቀው ይህንን ነውና።

አንድ ጊዜ ከልምምድ በኋላ ሁለት ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ዘርግተን ተቀመጥን። አንዱ የፖሊስ መዝገብ ግልባጭ ነው፤ በእጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «8:40» ይላል። ሌላው ከኮምፒውተር የታተመ የአምቡላንስ ስምሪት ነው፤ እሱም «08:40» ይላል። ይገጥማሉ! አንድ ባልደረባዬ ምልክት አድርጎበት ሊያልፍ ነበር። ፖሊሱ የጻፈው ከቀትር በኋላ ያለውን 8:40 ነው። ማሽኑ ያተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት፣ ማለትም በእኛ 2:40 ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ፤ ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች ነበሩ። ቁጥር ሲለያይ ሰው ይጠይቃል። መግጠም ሳይገባው ሲገጥም ግን ማንም አይጠይቅም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ደዋይ ለኮምፒውተሩ የማክሰኞ ሰው ነው። አባቶቻችን ለዚህ መፍትሔ ነበራቸው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ይላሉ። ግልጽ ነው፣ አያሻማም። ፎርሙ ላይ ግን «አጥቢያ» የሚል ሳጥን የለም።

ቦታስ? «ገብርኤል ጋ ነው፣ ቶሎ ድረሱ!» ይላል ደዋዩ። ጎፋ ገብርኤል ነው? ግቢ ገብርኤል? እሱ ባለበት ገብርኤል አንድ ነው፤ እሳት እየነደደ «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ያስቆጣዋል፣ አይፈረድበትም። ፖሊስ ቦታውን በወረዳ ይመዘግባል፣ አምቡላንሱ በታወቀ ምልክት፣ ሦስተኛው በካርታ ነጥብ። በአዲስ አበባ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው የሚደወለው። ነገ ሦስቱን ወደ አንድ ቁጥር ብናመጣቸው ደስ ይለኛል፤ ለደዋዩ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ቁጥር በር ነው። ከበሩ ወዲህ «ገብርኤል» በሦስት ዓይነት ከተጻፈ፣ በሩ አንድ መሆኑ መኪናውን አያደርሰውም።

ስምም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ለጆሮ አንድ ሰው፣ ለዳታቤዝ ሦስት ሰው። «ፋይዳ አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለ፣ መልካም ነገር ነው፤ ማን መሆኑ ለታወቀ ሰው መዝገቡን ለማገናኘት ይረዳል። ራሱን ስቶ አስፋልት ላይ የወደቀ ሰው ግን ቁጥሩን አይነግራችሁም። ቁጥሩ የት እንደወደቀና መቼ እንደወደቀም አይናገርም።

ሳልጠየቅ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከሥራው ጋር የመጣ ልማድ ነው። ተናባቢነት ሁሉም ሁሉን ይይ ማለት አይደለም። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የተጠለለች ሴት አለች እንበል። ባልየው ከእነዚሁ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሮ የይለፍ ቃል ይዟል። «አንድ ሲስተም» ውስጥ ሁሉም ነገር ለሁሉም ከተከፈተ፣ አድራሻዋን ያገኘው እኛ በሠራነው መስኮት ነው። የእሳት አደጋ ሹፌር ቤቱ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር መኖሩን ማወቅ አለበት፤ የነዋሪዋን የሕክምና ታሪክ ግን አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያወጣች አገር ይህን በጨረታ ሰነዷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልታስቀምጠው ይገባል። ማን ምን አየ፣ መቼ አየ የሚለውም ራሱን ችሎ ይመዝገብ፤ ያንን መዝገብ የሚያነብ ሰውም ይመደብ። የማይነበብ መዝገብ ማንንም አይጠብቅም።

ወደ ሰዋስው ልመለስ። ሳድስ ወደ ግዕዝ ይቀየራል፤ «ቤት» «ቤተ» ይላል። ሣልስ ደግሞ ወደ ኃምስ፤ «ጸሐፊ» «ጸሐፌ ትእዛዝ» ይሆናል። «ዜና» ግን «ዜና መዋዕል» ሲባል ምንም አይቀየርም፤ ጫፉ እንዳለ ይናበባል። ሲስተሞችም እንደዚያው ናቸው። አንዳንዱ ሰዓቱን ብቻ ማስተካከል ይበቃዋል፣ አንዳንዱ የቦታ ስሙን፣ አንዳንዱ እንዳለ ይገጥማል። ሁሉም ቃል ቀልጦ አንድ አዲስ ቃል ይሁን የሚል የሰዋስው መምህር የለም። ሁሉንም መሥሪያ ቤት አፍርሶ አንድ ሶፍትዌር መግዛትም እንዲሁ ነው። ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲያልቅ ሰማያዊው እስክሪብቶ አሁንም «8:40» ይጽፋል።

አሁን የያዝኩት ሥራ የታወቁ ምልክቶች ዝርዝር ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማዞሪያ፣ ድልድይ፣ የድሮ ስሙ ከአዲሱ ይልቅ የሚታወቅ ፋብሪካ። በሰፈራችሁ ስሙን ከሌላ ሰፈር ጋር የሚጋራ ቦታ ካለ ጻፉልኝ። ስሙን፣ ሕዝቡ የሚጠራበትን ሌላ ስም ካለ እሱንም፣ በተለይ ደግሞ አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚገባ።